ያገለገለ ጌም ስትሸጥ ምኑ ከእጅህ ይወጣል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ያገለገሉ የፕሌይስቴሽንና የኒንቴንዶ ስዊች ጌሞች እየገዛሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። አብዛኛውን ሜሪላንድ ያለች አክስቴ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ እየለቀመች ሰው ሲመጣ ታስይዝልኛለች። በቀደም ሶፍትዌር የሚሠራ ጓደኛዬ «ይሄ ከሌብነት በምን ይለያል? ጌሙን ለሠሩት እኮ አንድ ሳንቲም አይደርሳቸውም» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ሌላም የምጠይቃችሁ አለኝ። ባለፈው ወር የተጫረ የፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ዲስክ በጥርስ ሳሙና አሽቼ «ጭረት የለውም» ብዬ ሸጥኩ። አንድ ልጅ ከ30 በላይ ጌም ያለበትን አካውንቱን ልሽጥልህ ይለኛል። ሌላው የስዊች ጌም ካርዶቹን ገልብጦ ካስቀረ በኋላ ዋናዎቹን በርካሽ ሊሰጠኝ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎችም ጌም ይዘው ይመጣሉ። የትኛው ደህና ነው፣ የትኛውስ ነውር?

ብ. ነኝ

መልስ

ወንድማችን ብ.፣ ከጓደኛህ ጥያቄ እንጀምር፤ የቀሩት ጥያቄዎችህ መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ያገለገለ ጌም መግዛትና መሸጥ ሌብነት አይደለም። ጓደኛህ ያለውም ግን ሐሰት አይደለም፤ ዲስኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ ለሠሪዎቹ የሚደርሳቸው ነገር የለም። ድርሻቸውን የወሰዱት ዲስኩ አዲስ ሆኖ ሲሸጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ጌም 60 ወይም 70 ዶላር የሚከፍል ሰው ሲበቃው ለሌላ ማስተላለፍ እንደሚችል እያሰበ ነው የሚከፍለው። መሸጥ ባይችል ኖሮ ብዙው ያን ያህል ገንዘብ ለማውጣት ያመነታ ነበር፤ ከሽያጩ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ተመልሶ አዲስ ጌም ይገዛበታል።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ዲስኩን የሸጠ ሰው ከዚያ በኋላ መጫወት አይችልም። ፒኤስ 4 ላይ ጌሙ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ እንኳ ዲስኩ ካልገባ አይከፈትም። አንድ ቅጂ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ገባ፤ የተባዛ ነገር የለም። እንግዲህ ሥራህን ሁሉ በዚህ ለካው፦ የሸጥኩት ነገር ሙሉ በሙሉ ከእጄ ወጥቷል? ሙሉ በሙሉስ የገዢው ሆኗል? ለሁለቱም መልስህ «አዎ» ከሆነ ንግድህ ንጹሕ ነው። አንዱ ከጎደለ ግን የቱንም ያህል በርካሽ ብትሸጥ ንጹሕ አይሆንም።

ሕጉም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የመጽሐፍ አሳታሚ ሜሲስ የተባለውን መደብር ባለቤቶች የከሰሰበትን ጉዳይ አየ። አሳታሚው መጽሐፉ ላይ ከ1 ዶላር በታች መሸጥ እንደማይፈቀድ አትሞበታል፤ መደብሩ በ89 ሳንቲም ሸጠው። ፍርድ ቤቱ አሳታሚው አንዴ ከሸጠው ቅጂ ላይ ቀጣዩን ዋጋ የመወሰን መብት የለውም ብሎ ወሰነ። አክስትህ ያገለገለ ዲስክ ገዝታ መልሳ ልትሸጠው የምትችለው በዚህ መርሕ ነው። ጃፓን ውስጥም የጌም አምራቾች ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆችን ከሰው ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ለሱቆቹ ፈረደ።

አምራቾች በፍርድ ቤት ያላገኙትን በቴክኒክ ሞክረዋል። የጌም አምራቹ ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አንዳንድ ጌሞቹ ሳጥን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ ያስገባ ነበር፤ ዲስኩን ሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው ኢንተርኔት ላይ ለመጫወት ሌላ ኮድ በ10 ዶላር ይገዛ ነበር። በ2013 ተወው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ዋን ጌሞችን መሸጥና ማዋስ የሚገድብ አሠራር አስታውቆ፣ ተጫዋቹ አጥብቆ ስለተቃወመው ኮንሶሉ ገበያ ላይ ሳይውል ሰረዘው።

እዚህ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለጓደኛህ ብትነግረው ደስ ይለናል። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። እዚህ ያለ ልጅ አካውንት የሚከፍተው ሌላ አገር እንደሚኖር አድርጎ ነው፤ ለመክፈልም ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ እንዲልክለት ይለምናል። ኦሪጅናል ያገለገለ ዲስክ ለዚህ ልጅ ጌምን በቀና መንገድ ከሚያገኝባቸው ጥቂት በሮች አንዱ ነው። ወለል ብሎ የተከፈተው ሌላው በር ክራክ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ 40 ጌም ተጭኖበት የሚሸጠው ፒኤስ 4 ማለት ነው። እዚያ ላይ ማሽኑ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ጌሞቹ ግን ማንም ያልከፈለባቸው ቅጂዎች ናቸው፤ የሸጠውም ሰው እነዚያኑ ለሌላ መቶ ሰው ይጭናል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ የሚጠበቅ ሥራ አድርጎታል። ሠሪዎቹን በእውነት የሚጎዳው ይህኛው ነው፤ አንተ እዚህ ውስጥ አትግባ። ማሽኑን ብቻ ገዝተህ፣ ሃርድ ዲስኩን አጽድተህ፣ ክራክ እንደነበረ ለገዢው ነግረህ መሸጥ ትችላለህ።

ለሠሪዎቹ አሁንም የምታዝን ከሆነ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ። ከኢንተርኔት መደብር ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ክፍል ያለው ጌም ስትሸጥ ለገዢው እንዳለ ንገረው፤ ያንን ከመደብሩ ሲገዛ ገንዘቡ ለሠሪው ይደርሳል። ከትንንሽ ቡድኖች የወጡ ጌሞችን ደግሞ ለራስህ ስትፈልግ ዋጋቸው ሲቀንስ ጠብቀህ አዲስ ግዛ።

አሁን ወደ ጥርስ ሳሙናው። እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አለ፤ ጥርስ ሳሙናውም ቃሉም።

የጥርስ ሳሙናው ወሬ የመጣው ከድሮዎቹ ዲስኮች ነው። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሚነበበው ገጽ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ከሌላው ፊት ሥር ነው፤ በዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ መሐሉ ላይ ነው። ስለዚህ የፒኤስ 1 ወይም የፒኤስ 2 ዲስክ ከላይ ሲቧጠጥ ፕላስቲኩን ትንሽ ፍቆ ማስተካከል አንዳንዴ ይሠራል። የፒኤስ 3፣ የፒኤስ 4፣ የፒኤስ 5፣ የኤክስቦክስ ዋንና የሲሪስ ኤክስ ዲስኮች ግን ብሉሬይ ናቸው፤ መረጃው ከገጹ ያለው ርቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያንን ስስ ሽፋን የሚጠብቀው ከላይ የተቀባ ጠንካራ ልባስ ነው። ጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፍቅ ዱቄት አለ፤ ስታሸው ልባሱን ታነሣዋለህ። ለዓይን ያብረቀርቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን በትንሽ ነገር ይጫራል። ከአንተ የገዛ ሰው ዛሬ ሠርቶለት ከሦስት ወር በኋላ ሊያቆምበት ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱን በማሽኑ ሌንስ ያሳብባል እንጂ አንተን አያስብም።

የቆሸሸ ብሉሬይ የሚጸዳው በመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ ነው። ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርግበትና ከመሐል ቀዳዳው ወደ ዳር ቀጥ አድርገህ ጥረግ። ዙሪያውን እያሽከረከርክ አትጥረግ፤ መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ የሚወጣ ጭረት አንዱን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፣ ማሽኑም የጠፋውን ማረም ያቅተዋል። ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ ጭረት መስመሮቹን አቋርጦ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ስትገዛም ይህን ልዩነት እይ፤ አስቀያሚ የሚመስል ቀጥ ያለ ጭረት ያለው ዲስክ፣ ዙሪያውን ቀጭን ክብ ከተጫረበት ሊሻል ይችላል።

ስትፈትሽ ዲስኩን ከመብራት ሥር ጋደል አድርገህ ያዘው። መሐል ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ አትግዛ፤ ማሽኑ ውስጥ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊሰበርና ዕቃውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የድሮ ሲዲ ከሆነ የሥዕሉን ፊትም እይ፤ የሲዲ አንጸባራቂ ንጣፍ እዚያ ሥር ነው፣ ከዚያ በኩል የተጫረ አይጠገንም።

ዋናው ፈተና ግን በዓይን አይደለም። ብዙ ሻጭ ዲስኩን አስገብቶ ጌሙ ሲከፈት ካሳየ በቂ ይመስለዋል። ጌሙ ቀድሞ ማሽኑ ላይ ተጭኖ ከነበረ ግን ማሽኑ የሚያነበው ከሃርድ ዲስኩ ነው፤ ዲስኩን የሚፈልገው መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ምንም አላሳየህም። በትክክል ለመፈተሽ መጀመሪያ ጌሙን ከሃርድ ዲስኩ አጥፋው፤ ኢንተርኔቱን ቁረጥ፤ ከዚያ ዲስኩን አስገብተህ ጭነቱ እስከ መጨረሻው እስኪያልቅ ጠብቅ። ኢንተርኔቱን የምትቆርጠው ዝመና እያወረደ መቁጠሪያውን እንዳያምታታብህ ነው። የፒኤስ 4 ዲስክ እስከ 50 ጊጋባይት ስለሚይዝ ግማሽ ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የታመመ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው መሐል ላይ ነው፤ በዚያው መቶኛ ላይ ደጋግሞ ከቆመ ያ ቦታ ተጎድቷል ማለት ነው። ሌላ ማሽን ላይ ሞክረው፤ እዚያ ካለፈ ችግሩ የአንተ ሌንስ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ለእያንዳንዱ ዲስክ መስጠት ካልቻልክ ችግር የለውም፤ «አልተፈተሸም» ብለህ ጻፍና ዋጋውን ቀንስ።

ቻናልህ ላይ የምትጽፈውም በዚሁ ልክ ይሁን። «ኦሪጅናል፣ ኒት ነው» ማለት ምንም አይናገርም። «የአሜሪካ ዲስክ፣ ሁለት ቀላል ጭረት ከመሐል ወደ ዳር፣ ፒኤስ 4 ላይ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ ተጭኖ ተፈትኗል፣ ሳጥኑ አለ፣ በውስጡ የነበረው ኮድ ተጠቅመውበታል» ብለህ ጻፍ። የሚነበበውን ፊት በጋደለ ብርሃን አንሥተህ ፎቶውን አያይዝ። የሰባት ቀን መመለሻ ስጥ። ተመላሽ ይበዛብኛል ብለህ አትፍራ፤ ጉድለቱን አስቀድመህ ከነገርከው ሰው የሚመጣ ተመላሽ ትንሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መጻፉ አያድነውም።

ያንን ዲስክ ለሸጥክለት ሰው ዛሬውኑ ደውልለት። «ዲስኩ ተጭሮ ነበር፤ በማይሆን ነገር አሽቼዋለሁ፤ አልነገርኩህም» በለው። ሁለት ምርጫ ስጠው፤ ዲስኩን መልሶ ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ፣ ወይም ዲስኩን ይዞ የተወሰነ ገንዘብ እንዲመለስለት። ምን ያህል እንደሚመለስ እሱ ይበል፤ መጀመሪያ የዋሸኸው አንተ ነህና ተደራዳሪ አትሁን። ዲስኩን ከመለሰልህ በ«አልተፈተሸም» ዋጋ እንኳ አትሽጠው፤ ምን እንደሆነ ታውቃለህና።

ጭረት የሌለው ዲስክም ሊያታልል ይችላል፤ ይህኛው በእኛ አገር ከጭረት ይብሳል። ዲስኩ ያብረቀርቃል፣ ማሽኑ ይቀበለዋል፣ ነገር ግን ውስጡ ጌም የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዎርፌር 2 በፒኤስ 5 ዲስኩ ላይ 70 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነበረው፤ ቀሪውን ብዙ አሥር ጊጋባይት ገዢው ያወርዳል። ዩቢሶፍት ያወጣው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም ለብቻ ሲጫወቱት እንኳ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበር፤ ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ ሲዘጋ ዲስኩ ዋጋ አጣ። ኦቨርዋች የተባለው ጌም የመጀመሪያውም ተከታዩ በ2022 ሲተካው እንዲሁ ሆነ። እነዚህን ሳይነግሩ መሸጥ ባዶ ሳጥን መሸጥ ነው። የሞባይል ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጫወት ልጅ ደግሞ 80 ጊጋባይት ማውረድ ዲስኩን ራሱን የሚያህል ወጪ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ የማታውቀውን ጌም ከመሸጥህ በፊት ያንን ያለ ኢንተርኔት የመጫን ፈተና አድርግ፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ተጭኖ መጫወት የሚቻል ከሆነ ዲስኩ ላይ ጌም አለ።

የስዊች 2 አንዳንድ ካርዶችም እንዲህ ናቸው። በ2025 የመጣው ቁልፍ ብቻ የያዘ ካርድ ጌሙን ከኒንቴንዶ ያስወርዳል፤ ሳጥኑ ላይ የቁልፍ ምልክት አለበት። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል፤ መሸጡ ነውር የለውም። ገዢው ማውረድ እንዳለበት ግን ይወቅ። አንዳንድ የስዊች ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ካርድ ሳይሆን ወረቀት ላይ የተጻፈ ኮድ ብቻ አለ፤ ኮዱ አንዴ ከሠራ የሚሸጥ ነገር የለም።

አካውንቱን አትግዛ፣ አታሻሽጥም። አካውንት ከሻጩ እጅ አይወጣም። ሶኒም ሆነ የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም በውላቸው አካውንት ማስተላለፍ ይከለክላሉ፤ አካውንቱን የሚያውቁትም በመጀመሪያው ባለቤት ነው። ልጁ ዛሬ የይለፍ ቃሉንና ኢሜይሉን ይሰጥሃል፤ ከወር በኋላ ለኩባንያው «ተሰረቅሁ» ብሎ የመጀመሪያ ግዢውን ማስረጃ ካቀረበ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ቁልፍ ሰጥቶ ሌላ ቁልፍ ኪሱ ያስቀረ ቤት ሻጭ ማለት ነው። ልጁ ቅን ቢሆንም እንኳ ጌሞቹ በሰው ካርድ ተገዝተው ከሆነና የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ካስመለሰ አካውንቱ ይዘጋል፤ ያንተ ደንበኛ ነው የሚከስረው። አንዱን አካውንት «ፕራይመሪ» እና «ሴኮንደሪ» እያሉ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሸጡትማ በግልጽ አንዱን ነገር ደጋግመው እየሸጡ ነው።

«በብሬ የገዛሁትን ለምን አልሸጥም?» ብሎ ቢጠይቅህ ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኛም መሸጥ መቻል ነበረበት ባዮች ነን። ፍርድ ቤቶች ግን እስካሁን ከእሱ ጋር አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2018 ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎችን ያሻሽጥ የነበረ ሪዲጂ የተባለ ድርጅት ኒውዮርክ ውስጥ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተረታ፤ ምክንያቱ ፋይል ሲተላለፍ ከመሄድ ይልቅ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል የሚል ነው። ፓሪስ ውስጥ በ2019 አንድ ፍርድ ቤት የስቲም ጌም ሊሸጥ ይችላል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ በ2022 በይግባኝ ተሻረ። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዲጂታል መደብሮች የሚሸጡት ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። ስለዚህ ልጁን እንዲህ ብለህ ምከረው፦ ዲስክ ካለህ አምጣ እገዛሃለሁ፤ አካውንቱን ግን ለራስህ ያዝ፤ ከዛሬ በኋላ ደግሞ ኋላ ልሸጠው እችላለሁ የምትለውን ጌም በዲስክ ግዛ።

የስዊች ካርዶቹን ጉዳይ በአንድ ቃል ልንመልስልህ እንችላለን፤ እንቢ በል። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብህ፤ ከሥነ ምግባሩ ባሻገር ደንበኛህን በቀጥታ የሚመታ ነገር ስላለው ነው። እያንዳንዱ የስዊች ካርድ በውስጡ የራሱ ብቻ የሆነ መለያ አለው። ሚግ ስዊች በሚባሉ መገልበጫዎች ካርዱ ሲገለበጥ መለያውም አብሮ ይገለበጣል። ልጁ በግልባጩ ኢንተርኔት ላይ ሲገባ፣ ካርዱን ከአንተ የገዛው ሰውም ሲገባ፣ ኒንቴንዶ አንድ ካርድ ሁለት ቦታ ያያል። የትኛው ሐቀኛ እንደሆነ ከዚያ ላይ ሆኖ አያውቅም። በ2025 ስዊች 2 ላይ ያገለገለ ካርድ በቅንነት ገዝተው ኮንሶላቸው ከኢንተርኔት የታገደባቸው ሰዎች ነበሩ። ልጁ ከሸጠ በኋላም እየተጫወተበት ነው፤ ሸጥኩ ያለው ነገር ከእጁ አልወጣም። «አጠፋዋለሁ» ቢልህ ማረጋገጫ የለህም። ከማታውቀው ሰው ካርድ ስትገዛ ገልብጦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቀው፤ ስሙንና ስልኩንም መዝግብ። ብዙ ካርድ በአንዴ፣ በጣም በርካሽ፣ ያለ ሳጥን የሚያመጣ ሰው ሲገጥምህ ለምን እንደቸኮለ ሳትረዳ አትክፈል።

ዩኒፎርም ስለለበሱት ልጆች። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ሞግዚት ፈቃድ አትግዛ። ጌሙ የወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ፕሌይስቴሽን ቤት ንብረት ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ቢሆን እንኳ አባትየው መጥቶ ሽያጩን ሊያፈርስብህ ይችላል። ልጁ የሚሰጥህ ስልክ የጓደኛው ሊሆን ስለሚችል በስልክ ብቻ አትመን፤ ወላጅ ይምጣ ወይም ልጁ ይመለስ። ልጁን አታዋርደው፣ «ሌባ» አትበለው፤ «ከእናትህ ጋር ና፣ ዋጋውን ያኔ እነግርሃለሁ» ካልከው ይበቃል። የራሱ የሆነው ይመጣል።

ከአዋቂም ስትገዛ መዝገብ ይኑርህ፤ ቀን፣ ስም፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የጌሙ ስም፣ የዲስኩ ሁኔታ፣ የከፈልከው ብር። በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈል፤ ዱካው ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ኮንሶል ከሆነ መለያ ቁጥሩን ጻፍ፤ ሻጩ የራሱን አካውንት ፊትህ ከፍቶ እንዲወጣ አድርገው። ማሽኑ የሱ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ያውቃል። የወንጀል ሕጉ የተሰረቀ ዕቃ አውቆ የገዛውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ይጠይቃል። ስትሸጥ ደግሞ የገዢውን ስክሪንሾት አትመን፤ ገንዘቡ መግባቱን የራስህን መተግበሪያ ከፍተህ እይ።

ስለ ዋጋ አልጠየቅኸንም፤ ግን ይገጥምሃል። አንዲት እናት ልጃቸው ትቶት የሄደውን አንድ ካርቶን ጌም ይዘው መጥተው «የኔ ልጅ፣ ምን ያወጣ ይሆን?» ይሉሃል። በ1,000 ብር ገዝተህ በ1,800 ብትሸጥ ለልፋትህ፣ ለፍተሻህና ለመመለሻ ዋስትናህ ነው፤ ይህ ንግድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንዱ ብቻውን 6,000 የሚያወጣ መሆኑን እያወቅህ «እማማ፣ ሁሉም አሮጌ ነው» ካልክ ግን ዋሽተሃል። ያንን ለይተህ አውጣውና ንገራቸው፤ ካስፈለገ በኮሚሽን ሽጥላቸው። ዋጋ ጠይቆህ ያመነህን ሰው ማታለል ተደራድሮ በርካሽ ከመግዛት ጋር አንድ አይደለም።

ለአክስትህ ይህን ላክላት። ሳጥኑን ሳትከፍት አትግዛ፤ ሽፋኑ አንድ፣ ውስጡ ያለው ዲስክ ሌላ መሆኑ የተለመደ ነው። እንደ ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2 ያሉ የፒኤስ 4 ጌሞች ሁለት ዲስክ አላቸው፤ አንዱ መጫኛ፣ ሌላው መጫወቻ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ጌም አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን «ከአገልግሎት ወጥቷል» የሚል ምልክት ካላየችበት ትተወው። በየዓመቱ የሚታደሱ የእግር ኳስ ጌሞችን አትልቀም፤ አዲሱ መስከረም አካባቢ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል። የአሜሪካ ዲስክ እዚህ ባለ ፒኤስ 4 ላይ ያለ ችግር ይጫወታል፤ ተጨማሪ ክፍል ለመግዛት ግን የገዢው አካውንት የአሜሪካ መሆን ስላለበት ይህንን አንተ ለገዢው ንገረው። የፒኤስ 5 ዲስክ ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም፤ ዲስክ ማስገቢያ ለሌለው ፒኤስ 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም ዲስክ አይሸጥም። ቦታ ለመቆጠብ ብላ ዲስኮቹን ያለ ሳጥን ደራርባ አታስይዝ፤ በመንገድ እርስ በርስ ይጫራሉ።

የሚያመጣልህ ሰው ሻንጣው ውስጥ ያለው ለሽያጭ መሆኑን ይወቅ። ለሽያጭ የመጣ ዕቃ የመንገደኛ የግል ዕቃ ስላልሆነ ቦሌ ላይ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። «ለወንድሜ መጫወቻ ነው» እንዲል አታድርገው። ቁጥሩንና የተገዛበትን ዋጋ የያዘ ደረሰኝ አብሮት ይምጣ፤ ቀረጥ ከተጠየቀ አንተ ክፈል፣ የከፈልከውንም ዲስኮቹ ዋጋ ላይ አካፍለው።